አባዬ ወንድሜን አላስመረምርም አለ፤ ምን ላድርግ?

የጅሬን_ዳገት (እሑድ ማታ)

ሰላም የጅማ ልጆች። እዚህ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ቤት ውስጥ የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው።

21 ዓመቴ ነው፣ ኮቺ ነው ያደግኩት። አምና ጥቅምት ላይ ከክፍሌ ልጆች ጋር የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ ጅሬን በእግር ወጣን። ዳገቱ ግማሽ ላይ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ ከዛ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። አንዷ ጓደኛዬ ክብሪት ጭራ አፍንጫዬ ሥር ይዛለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። ከዛ በፊትም ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጠኝ። ሁለት ወር ዋጥኩት። ድጋሚ ስወድቅ ነው ሌላ ቦታ ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ያነሱኝ፣ ከዛ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታዘዘልኝ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ በግራ ጎኔ አስተኝተው ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀቡኝ። ልቤን ስክሪኑ ላይ አየሁት፣ ይጨበጣል ይፈታል። ዶክተሩ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ለካ። ከዛ መሣሪያውን ሳያነሳ "ከቤተሰባችሁ በልጅነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ?" አለኝ።

አለ። የአባዬ ታናሽ ወንድም። በ1989 ዓ.ም ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ በዛው ቀረ፣ 19 ዓመቱ ነበር። እኛ ቤት "ምች መታው" ነው የሚባለው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ ስለሱ ግን አይወራም።

የኔ የልብ ግድግዳ 21 ሚሊ ሜትር ሆኗል። የጤነኛ ሰው ከ12 አያልፍም አሉኝ። የልብ ጡንቻ መወፈር ነው፣ በዘር የሚመጣ። ሜቶፕሮሎል የሚባል የልብ ኪኒን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። እኔ እየለመድኩት ነው፣ የጨነቀኝ ወንድሜ ነው። 15 ዓመቱ ነው። 2010 ላይ ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ 7 ዓመቱ ነበር፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ከኳስ ሌላ ነገር አያስብም። ዶክተሩ እህት ወንድሞችሽ በሙሉ ይታዩ ብሎኛል። አባዬ ግን ወይ ፍንክች። "አንድ በሽተኛ ይበቃኛል፣ ልጁ እንደ ፈረስ ነው የሚሮጠው፣ በሽታ ፈልጌ አልጠራበትም" ነው የሚለው። እማዬ የምትፈራው ደግሞ ሌላ ነው፣ "ወሬው ከወጣ አንቺን ማን ያገባሻል" ትለኛለች።

ወንድሜ ዛሬም ሜዳ ሄዶ ነበር። እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። አባቴን እንዴት ላሳምነው?

ቦሳ_ኪቶ26 (እሑድ ማታ)

እህቴ አብሽሪ። እኔም ያንቺው ነው ያለብኝ፣ 19 ሚሊ። 26 ዓመቴ ነው።

ባጃጅ ነበር የምነዳው። አንድ ቀን ከመርካቶ ሁለት እናቶች ጭኜ ስሄድ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መጣ፣ ፍሬን ይዤ ዳር ማስያዜን ብቻ ነው የማስታውሰው። ወላሂ አላህ ነው ያተረፈን። ሐኪሙ ራስህን እየሳትክ መንዳት የለም አለኝ። ባጃጇን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት፣ እሱ በየቀኑ ሒሳብ ያስገባልኛል፣ እኔ መለዋወጫ ሱቅ እቀመጣለሁ።

ጫትም ተውኩ። ጅማ ተቀምጦ ጫት መተው ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አገር ልጅ ያውቃል። ከምሳ በኋላ ጓደኞቼ በሙሉ አንድ ቤት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አብሬያቸው ተቀምጬ ውሃ ብቻ እጠጣ ነበር፣ አልቻልኩም፣ እጄ ይሄዳል። ከዛ መሄዱንም አቆምኩ። ስድስት ወር ያህል ጓደኛ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። አሁን ሁለቱ ሱቅ እየመጡ ሻይ ይጠጣሉ። ጫት ልብ ያስሮጣል፣ ውሃም ያስረሳል፣ ለኛ ልብ ሁለቱም አይሆንም።

የአባትሽን ነገር የሚያውቅ ይምከርሽ፣ እኔ አባት የለኝም።

ነርስ_ነኝ (እሑድ ሌሊት)

እህቴ፣ ያንቺን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ያላየሽው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ይሄ በሽታ ከ500 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል፣ ብርቅ አይደለም። ብዙው ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚኖረው። ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድ ሴት አይልም። ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ እንኳ በሁሉም ላይ እኩል አይታይም። አንዱ በ19 ዓመቱ ይወድቃል፣ ሌላው አርጅቶ ልጅ ይድራል።

አሁን አስቢው። የሞተው የአባትሽ ወንድም ነው። የታመምሽው አንቺ ነሽ። በሁለታችሁ መሀል ያለው ማነው? አባትሽ ናቸው። እሳቸው ታይተው ያውቃሉ?

ስለ ወንድምሽ ከመከራከር አባትሽን ስለ ራሳቸው ጠይቂያቸው። ኢኮ አያምም፣ መርፌ የለውም፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አዲስ አበባ ድረስም አያስኬድም፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይሠራል።

ይህንንም ያዢ። የወንድምሽ ዛሬ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አለቀ ማለት አይደለም። ጡንቻው ብዙ ጊዜ መወፈር የሚጀምረው ልጁ በሚመዘዝበት ዕድሜ ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገማል።

የጅሬን_ዳገት (ሰኞ ጠዋት)

ነርስ ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አባዬ አናጢ ነው። በርጩማ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ሲያወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ካለፈው ዓመት ወዲህ መጋዝ ሲስብ መሀል ላይ ያቆማል። እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይቆምና አንገቱን ደፍቶ ይተነፍሳል። "ዕድሜ ነው" ይላል። 52 ዓመቱ ነው። እኔ ራሴ ዕድሜ ነው ብዬ አምኜው ነበር።

ሰላም_ለሁሉ (ሰኞ ቀን)

እህቴ እግዚአብሔር ይማርሽ። የኔ ምክር ጸበል ግቢ ነው። መድኃኒቱን ለጊዜው ተይውና ሰባት ቀን ተጠመቂ፣ እምነትሽ ያድንሻል። የማውቃት ልጅ ድናለች።

ቦሳ_ኪቶ26 (ሰኞ ቀን)

ወንድሜ በእምነትህ አልመጣብህም፣ ግን "መድኃኒቱን ተይው" የሚለውን እባክህ አንሳው። እኔ አንድ ጊዜ ከፋርማሲ ጠፍቶ አራት ቀን ሳልወስድ ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ሐኪሙ በኋላ በጣም ተቆጣኝ። ይሄ ኪኒን በአንዴ አይቆምም፣ መቆም ካለበትም ሐኪም እያየ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። አሁን ሁሌ የሁለት ሳምንት ትርፍ እይዛለሁ፣ ሲያልቅ አልጠብቅም።

የማርያም_ልጅ (ሰኞ ቀን)

እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ልቤ ሌላ ዓይነት ነው፣ ቅርጹ ጤነኛ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ነው የሚዛባው፣ እሱም ከናቴ የወረስኩት ነው። ድንገተኛ ድምፅ ይጥለኛል። ዶርም እያለሁ የአንዷ ልጅ አላርም ሲጮህ ነበር የወደቅኩት። ብዙ ሰው የሚጥል በሽታ ነው አለኝ፣ እኔም ለሁለት ዓመት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወሰድኩ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ኢሲጂ አንስታ ወረቀቱን ደጋግማ በማስመሪያ ለካችና "ይሄ ልብ ነው" አለችኝ።

ጸበል ስሄድ ለንስሐ አባቴ ኪኒን እንደምወስድ ነገርኳቸው። "በጸበሉ ዋጪው ልጄ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው" አሉኝ። እስካሁን እንደዛ ነው የማደርገው። ቀዝቃዛ ጸበል በድንገት ራሴ ላይ እንዳይፈስ ግን ለአጥማቂው አስቀድሜ እነግራለሁ፣ ለኔ ዓይነቱ ድንገተኛ ቅዝቃዜም አይሆንም።

ሰላም_ለሁሉ (ሰኞ ማታ)

ይቅርታ አድርጉልኝ። በቅንነት ነው የጻፍኩት። መድኃኒቱን አትተይ እህቴ።

እናት_ከአጋሮ (ማክሰኞ ጠዋት)

ልጆቼ እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እሱም ልቡን ታሟል፣ 17 ዓመቱ ነው። በየወሩ መርፌ ይወጋል። የናንተን ሳስነብብ ደነገጥኩ፣ ሌሎች አራት ልጆች አሉኝ። እነሱም ይዟቸው ይሆን? በዘር ነው እንዴ?

ነርስ_ነኝ (ማክሰኞ ጠዋት)

እናቴ አይደንግጡ። በየወሩ መርፌ ከሆነ የልጅዎ ሌላ ነው። እሱ ከጉሮሮ ሕመም የሚጀምር ነው። ጉሮሮው በባክቴሪያ ይቆስላል፣ በደንብ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ጀርሙን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን የልብ በር ይጎዳል። በአገራችን ወጣቶች ላይ በብዛት የምናየው የልብ ሕመም ይሄ ነው። መርፌው ፔኒሲሊን ነው፣ ጉሮሮው ድጋሚ እንዳይታመምና የልቡ በር የባሰ እንዳይጎዳ ነው የሚሰጠው። አንድ ወር እንኳ አይዝለሉ።

ለሌሎቹ ልጆች ኢኮ ይሠራላቸው አልልዎትም። ግን ጉሮሯቸውን ሲያማቸውና ሲያተኩሳቸው ቤት አያቆዩዋቸው፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የሚሰጣቸውን መድኃኒት ተሽሏቸውም ቢሆን እስከመጨረሻው ያስውጧቸው።

እናት_ከአጋሮ (ማክሰኞ ጠዋት)

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አንቺ የጅሬኗ፣ ስለ ማግባት እናትሽ የምትለውን ሰማሁ። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ልጄን ሰው እንዳያውቅበት መርፌውን በጨለማ ነበር የማስወጋው። አንድ ወር ዝናብ ሆኖ መሽቶብን ቀረን። ከዛ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነው የምወስደው። እናትሽን አትቆጪያት፣ ፈርታ ነው።

የሄርማታዋ (ማክሰኞ ማታ)

እኔ 23 ዓመቴ ነው፣ የልብ ጡንቻ መወፈር ነው ያለብኝ፣ አግብቻለሁ። ከኒካሑ በፊት ለባሌ ነገርኩት። ኢኮዬን አሳየሁት፣ ወረቀቱን ይዞ አንድ ሳምንት ጠፋ፣ እኔም ቀረ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ ሐኪም ጋ ሄዶ ሲጠይቅ ነው የከረመው። ተመልሶ መጥቶ "መውለድ ትችላለች ብለውኛል፣ ክትትል ግን ያስፈልጋታል" አለኝ። የኔም ሐኪም ያንኑ ነው ያለችኝ። አብዛኞቹ ሴቶች በደህና ይወልዳሉ፣ ግን ከማርገዝ በፊት ከልብ ሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ነው።

አንድ ነገር ከበደኝ ብል ረመዷን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ለማንም ሳልነግር ጾምኩ። አሥረኛው ቀን ላይ ለመግሪብ ውዱእ ሳደርግ ወደቅኩ። ውሃ ሲያንስ ያ የወፈረው ጡንቻ የደሙን መውጫ ይበልጥ ያጠበዋል አለችኝ ሐኪሟ። አሁን በጾም ፈንታ ፊድያ እሰጣለሁ። ሁሉም እየበላ የተቀመጠ ሰው ይመስለዋል፣ ግን ቤት ሙሉ ሰው ጾሞ ብቻሽን ውሃ መጠጣት ያስለቅሳል። ባለፈው ረመዷን አማቴ ራሷ ኩባያውን ይዛልኝ መጣች። ከዛ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ።

አሰልጣኝ_ጅማ (ረቡዕ ቀን)

የሰፈር ታዳጊዎችን ነው የማሠለጥነው። የኔ ልጆች ይሄን አያውቁም፣ ወላጆቻቸውም አያውቁም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰኔ ወር ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ማንም ሳይነካው መሀል ሜዳ ወድቆ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። ሲመረመር የተገኘው ይሄው እናንተ የምታወሩት የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። ያንን ጨዋታ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። የዴንማርኩ ኤሪክሰን ደግሞ በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ልቡ ቆመ። እሱ ተረፈ፣ ምክንያቱም ወዲያው ደረቱን መጫን ጀመሩ፣ በኤሌክትሪክም ልቡን አስነሱት። ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተገጥሞለት ተመልሶ ኳስ ተጫውቷል።

እኛ ሜዳ ላይ ልጅ ሲወድቅ ምን እናደርጋለን? ክብሪት እንጭራለን፣ ሽንኩርት እናሸታለን፣ ውሃ እንደፋበታለን። በዛ መሀል ደቂቃዎቹ ያልቃሉ። የወደቀው ልጅ ጠርተኸው ካልመለሰ፣ በደንብም ካልተነፈሰ፣ አንዱ አምቡላንስ ወይም መኪና ይጥራ፣ አንተ ደረቱ መሀል ላይ ሁለት እጅህን ደራርበህ ተጫን። ክንድህ ቀጥ ይበል፣ ደረቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሰው እስኪደርስ አታቁም፣ ሲደክምህ ሌላው ይቀበልህ። እኔ ልጆቼን በኳስ ላይ አለማመድኳቸው፣ ትንሽ አየሩ የወጣ ኳስ መሬት ላይ አድርገው ይጫናሉ።

እህቴ፣ ወንድምሽ በማን ሥር እንደሚሠለጥን አላውቅም። ውጤቱ እስኪታወቅ ግን ሩጫውን ያቁም። ለአሠልጣኙ ንገሪው፣ ጥሩ አሠልጣኝ ከሆነ ይሰማሻል።

የጅሬን_ዳገት (ሐሙስ ሌሊት)

ዛሬ ማታ አባዬን አናገርኩት። ሥራ ቦታው ሄድኩ፣ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ወንድሜ አንድ ቃል አላነሳሁም። "አባዬ፣ መጋዝ ስትስብ የምታቆመው ለምንድነው?" ብቻ አልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣ። ከዛ ዝም አለ። ከዛ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረኝ። አጎቴ የወደቀ ቀን እሱም ሜዳው ላይ ነበር፣ አብረው ነበር የሚጫወቱት። ከሜዳው አስፋልት ድረስ ተሸክሞት ወጣ። "ትከሻዬ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ የተነፈሰ መሰለኝ" አለ። ለ29 ዓመት ለማንም አልተናገረም፣ ለእማዬም። እኔ እንደፈራ እንጂ እንዲህ እንደሚሸከም አላውቅም ነበር። ነርሱ የጻፈውን አነበብኩለት። "ታዲያ ከኔ ወዳንቺ ነው የመጣው እያልሽኝ ነው?" አለኝ። ምን እንደምለው ጨነቀኝ። እሱ ሆን ብሎ የሰጠኝ ነገር እንዳልሆነ፣ ዓይኔንም ፀጉሬንም የሰጠኝ እሱ እንደሆነ ነገርኩት።

ሰኞ ሦስታችንም እንሄዳለን።

ነርስ_ነኝ (ሐሙስ ሌሊት)

ያንቺን የኢኮ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። አጎትሽ በስንት ዓመታቸው፣ ምን እያደረጉ እንደሞቱ አባትሽ ራሳቸው ለሐኪሙ ይንገሩ። ለናንተ የሚደረገውን ክትትል የሚወስነው አንዱ ነገር እሱ ነው።

የጅሬን_ዳገት (ሰኞ ማታ)

ተመለስን።

ወንድሜ 9 ሚሊ። ንጹሕ ነው። ኢሲጂውም ደህና ነው። መጀመሪያ የጠየቀው "ኳስስ?" ነው። ዶክተሩ ተጫወት አለው፣ ግን ዓይንህ ከጨለመ ወይም ደረትህን ካመመህ እዛው ቁጭ በል፣ ለማንም አታፍር፣ በዓመቱ ተመለስ አለው። ወንድሜ ቀጠሮውን ራሱ ስልኩ ላይ መዘገበ።

አባዬ 16 ሚሊ። ጄሉን ሲቀቡት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ ከጎኑ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ፣ የኔን ስለማውቀው ቁጥሩ ሳይነገረኝ ገባኝ። ዶክተሩ ጊዜ ወስዶ አስረዳው። ሥራህን አትተው፣ ግን ከባድ ግንድ አንሥቶ መሸከምና እስኪያልብህ መጋዝ መሳብ ይቅር፣ ሌላ ሰው ይሳብልህ አለው። ለእሱም ሜቶፕሮሎል ታዘዘ፣ ከትንሹ ነው የሚጀምረው። ደግሞ የ24 ሰዓት የልብ ትርታ የሚመዘግብ መሣሪያ ቀጠሮ ሰጡን፣ ለሁለታችንም።

ቤት ስንገባ ለእማዬ እሱ ነው የነገራት። እማዬ አለቀሰች። ስለ ማግባቴ ዛሬ ምንም አላለችም። አባዬ የአጎቴን ፎቶ አወረደና መስታወቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ መልሶ ሰቀለው። ለወንድሜ "እሱም እንዳንተ ግራኝ ነበር" አለው። ከዛ ወደኔ ዞሮ "ያንቺን ስትውጪ ጥሪኝ፣ አብረን እንውጣለን" አለኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠራሁት።

ቦሳ_ኪቶ26 (ሰኞ ማታ)

አልሃምዱሊላህ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

የሄርማታዋ (ሰኞ ሌሊት)

እህቴ አለቀስኩ። እኔም ሦስት ታናናሾች አሉኝ፣ እስካሁን አንዳቸውም አልታዩም። ኢኮው ያለ ቀጠሮ ይሠራል?

የጅሬን_ዳገት (ሰኞ ሌሊት)

መጀመሪያ ካርድ አውጥተው ሐኪም ማየት አለባቸው፣ ኢኮውን የሚያዘው እሱ ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ሰልፉ ይረዝማል። የራስሽን ወረቀት አትርሺ። ከፈለግሽ እኔ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ዋናው በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ከልጆቹ ጋር አብረን እንሰለፋለን።